ከንጉሥ መስኮት እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፦ የአቤቱታና የምህላ ታሪክ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1770) ጎንደር በገባ ጊዜ ካስደነቁት ልማዶች አንዱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሰማው ጩኸት ነበር። በደል የደረሰባቸው ሰዎች፣ የተበደሉ የመሰላቸውም ጭምር፣ ንጉሡ ሊሰማ በሚችልበት ርቀት በበሩና በመስኮቱ ሥር ይቆማሉ። እያንዳንዱም በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ ፍርድ እንዲሰጠው ይጮኻል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላና ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ፣ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው ተብሎ፣ የሚጮኹ ሰዎች በክፍያ ይቀጠሩ ነበር ይላል ብሩስ። ይህን የሚያነብ ሰው መሳቁ አይቀርም። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ቁም ነገር ይቀራል። በዚያን ዘመን ሰው አስተሳሰብ አቤት ባይ የማይቆምበት ደጅ የንጉሥ ደጅ አይባልም ነበር። ጩኸቱ ንጉሡን የሚያዋርድ አልነበረም፤ ንጉሥ መሆኑን የሚመሰክር ነበር እንጂ።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በቤተ መንግሥት ሥርዓት ላይ አይደለም። የጎንደሩን ጩኸት ያነሣነው ሕዝባችን ሥቃዩንና ተስፋ መቁረጡን ወደ እግዚአብሔር ያቀርብበት የነበረው መንገድ ከዚሁ ደጅ የተቀዳ በመሆኑ ነው። ማስረጃውም ከቋንቋችን ውስጥ ይገኛል። «አቤት» ለተጠራ ሰው መልስ ነው፤ ለተበደለ ሰው ደግሞ የክስ መክፈቻ ነው። ከዚሁ ቃል «አቤቱታ» ተገኘ። መዝሙረ ዳዊት በአማርኛ ሲተረጎም፣ በግእዙ «እግዚኦ» የሚለው ጥሪ በብዙ ቦታ «አቤቱ» ተባለ። የቃሉን ሥር ሊቃውንቱ ይመርምሩት፤ በአጠቃቀም ግን አማርኛ ተናጋሪ ሰው ለዳኛ የሚጮኸውና ለአምላኩ የሚጮኸው በአንድ ቃል ነው። በጎዳና ላይ የተጠቃ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል፣ ያ ድምፅ ኃይለኛውን ባለበት እንዲቆም ያስገድደው የነበረውም እግዚአብሔር የሕግ ባለቤት ነውና ስሙ በተጠራበት ክርክሩ እርሱ ፊት ቀርቧል ከሚል እምነት ነው። እንግዲህ ጸሎት በአባቶቻችን ዘንድ ልመና ብቻ አልነበረም፤ ክስም ነበረ።

ዛሬ ይህ ሁለተኛው ወገን የተዘነጋ ይመስላል። ሐዘን የደረሰበት ሰው ገና እንባው ሳይደርቅ «ተመስገን በል» ይባላል። «ለምን አትበል፣ ኃጢአት ነው» የሚለው ምክርም ይከተላል። መካሪዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ምስጋና የክርስትናችን መግቢያ በር መሆኑም አይካድም፤ ዕለታዊው ጸሎትም ቅዳሴውም የሚጀምረው በምስጋና ነው። ነገር ግን «ለምን» ማለት ኃጢአት ከሆነ፣ የሀገራችን ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ ሲያጠናው የኖረውን መጽሐፍ ምን ልናደርገው ነው?

የዳዊት ትምህርት ቤት

መዝሙረ ዳዊት ወደ ግእዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን፣ ከግሪክኛ ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የካህናት መጽሐፍ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌልን ካነበበ በኋላ ዳዊት ይገባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ፤ «ዳዊት ደገመ» ማለት «ተማረ» ማለት ነበርና። በኋላ ወታደር ቢሆን፣ ገበሬ ቢሆን፣ ዳኛ ቢሆን መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ተከትቶ በትከሻው ተንጠልጥሎ ይከተለዋል። ሴቶችም ከመኳንንቱ ወገን የሆኑት ብዙዎቹ ይደግሙት ነበር። ለዚህ ነው ከሀገር የወጡ ኢትዮጵያውያንም ዳዊታቸውን ይዘው የወጡት። በሮም ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያረፉ መነኮሳት ሲጸልዩ የሰማቸው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በድምፃቸው ተማርኮ ቋንቋውን ከእነርሱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1513 ዓ.ም. በግእዝ ፊደል የመጀመሪያውን የታተመ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉም መዝሙረ ዳዊት ነበር። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነው፤ ያም ሆኖ ይቅር እንለዋለን።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን አለ? ምስጋና አለ፣ ውዳሴ አለ፣ የንጉሥ ሰርግ እንኳ አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው። 43ኛው መዝሙር በጦርነት የተሸነፈ ሕዝብ አቤቱታ ነው። ሕዝቡ ኃጢአት ሠርቻለሁ አይልም። ይልቁንም ኪዳንህን አልካድንም፣ ታዲያ ስለ ምን ለመታረድ እንደ ቀረበ በግ አሳልፈህ ሰጠኸን ብሎ እግዚአብሔርን ይሞግታል፤ እንደ ተኛ ሰው ቆጥሮም እንዲነቃ ይጠራዋል። 21ኛው መዝሙር አምላኩ እንደ ተወው የተሰማው ሰው ጩኸት ነው። ክርስቲያኖች ይህን መዝሙር ከሁሉ አስበልጠው የሚይዙት ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ የመክፈቻውን ቃል ስለ ጮኸው ነው። 87ኛው መዝሙር ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት ወደ መጨረሻቸው ሲደርሱ ወደ ተስፋ ወይም ወደ ምስጋና መመለሳቸው የተለመደ ነው። ይህኛው ግን አይመለስም። በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ የመጨረሻው ቃሉም ወዳጅና ዘመድ መራቃቸውን የሚናገር ነው። የሃይማኖት አባቶች ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጡትም፤ ማጽናኛ ማሰሪያም አልጨመሩለትም።

ዳዊት የሚደግም ሰው እነዚህን መዝሙራት መርጦ የሚያነባቸው በተከፋ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይደለም። መጽሐፉ አሥር አሥር መዝሙር እየያዘ በ15 «ንጉሥ» ይከፈላል፤ ለሳምንቱ ቀናትም ተደልድሏል። ደጋሚው ደስ ያለውም ቢሆን ተራው ሲደርስ የአዘነውን ሰው ቃል በአፉ ይናገራል። ያዘነውም ተራው ሲደርስ የደስተኛውን ይናገራል። በዚህ ዓይነት ሰው ሐዘን ከመድረሱ በፊት የሐዘንን ቃል ይማራል፤ መከራው ሲመጣ ቋንቋ ፍለጋ አይደናበርም።

በልጅነቴ አንድ ልጃቸውን የቀበሩ የሰፈራችን እናት ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ከአምላክ ጋር በግልጽ ሲሟገቱ አስታውሳለሁ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር። አንዳንድ ወጣቶች አፍረው ዝም ሊያሰኟቸው ቀረብ ሲሉ፣ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከለከሏቸው፤ ሴትዮዋ ዳዊት እየደገሙ ነው፣ መጽሐፉን ስላልያዙ ነው የማታውቁት አሏቸው። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ክፉ ቀን

ግለሰብ በዳዊት እንደሚጮኽ ሁሉ ሕዝብ በአንድነት የሚጮኽበት ሥርዓት ምህላ ይባላል። ወረርሽኝ ሲገባ፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ጠላት ሲነሣ ደወል ይደወላል፤ ካህናቱ ጥናና መስቀል ይዘው፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። በምህላው መካከል እግዚኦታ ይደርሳል። 41 ጊዜ እየተቆጠረ የሚደገም የምሕረት ጥሪ ነው። ድግግሞሹ ለእንግዳ ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ከንጉሥ መስኮት ሥር የቆመ ባለጉዳይም እኮ አንዱን ቃል ነበር ቀኑን ሙሉ የሚደጋግመው። ደጅ መጥናት ማለት ይህ ነው፤ አዲስ ነገር መናገር ሳይሆን አለመሄድ ነው።

ምህላ በሀገራችን ታሪክ ከተፈተነባቸው ዘመናት አንዱና ምናልባትም ዋናው «ክፉ ቀን» የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። መነሻው የከብት በሽታ ነበር። ለኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ በመጡ ከብቶች አማካይነት የገባው ይህ በሽታ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። እንዲህ ላለ መቅሠፍት እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ ምናልባት ሰው የፈራውን በመልካም ስም የሚጠራበት ጥንታዊ ብልሃት ይሆናል። በሽታው በጥቂት ወራት ደጋውንና ቆላውን አዳረሰ። ከሀገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመሩበት። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ ግምቶችም አሉ። በሽታው በኢትዮጵያ ብቻ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ከብት ፈጀ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ዘለቀ። በዛሬዋ ኬንያና ታንዛንያ የሚኖሩት የማሳይ ሽማግሌዎች ያንን ዘመን በራሳቸው ቋንቋ «ኤሙታይ»፣ ማለትም «እልቂት» ብለው ያስታውሱታል። እኛና ጎረቤቶቻችን ሳንተዋወቅ በአንድ መቅሠፍት አንድ ዓይነት ለቅሶ አልቅሰናል። (በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።)

በየአድባራቱና በየገዳማቱ ምህላ ተያዘ። ዳግማዊ ምኒልክ በበኩላቸው ዶማ ይዘው በእጃቸው መሬት መቆፈራቸው የታወቀ ነው፤ ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኳንንት ያለ በሬ ማረስን እንዳይንቅ ነበር። ይህ ድርጊት ራሱ የጸሎት ያህል ይመስለኛል፤ ምህላ የያዘ ሰው እጁን አጣምሮ መቀመጥ አለበት ያለ ማንም የለምና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለአድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ ንጉሠ ነገሥቱ የከብቱን ማለቅና የሰውን መድከም አይተው እስከዚያ ድረስ ጠላትን መታገሣቸውን ጠቅሰዋል። የአድዋ ሠራዊት የተመለመለው ገና ሐዘኑን ካልጨረሰ ሕዝብ ነው ማለት ነው። ይህን የታሪክ መጻሕፍት ባለፍ ገደም ይነኩታል እንጂ በሚገባው መጠን አልጻፉበትም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። በምህላ ጊዜ ከመድረኩ የሚሰማው ስብከት ብዙውን ጊዜ አንድ ወገን ብቻ የያዘ ነው፤ መቅሠፍቱ የመጣው በኃጢአታችን ነው፣ ንስሐ እንግባ የሚል ነው። ንስሐ መግባት መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ በረሀብ የሞተበት ገበሬ «በኃጢአትህ ነው» ሲባል፣ ከብቱን የገደለው በሽታ ከባሕር ማዶ መምጣቱ፣ ጎተራውን ያራቆተው ግብርና በየመንደሩ ያደረ ወታደር መሆኑ ይሸፈናል። ሥልጣን የያዘ ሰው ይህን ስብከት ቢወድደው አይገርምም። መዝሙረ ዳዊት ግን ሁለቱንም ድምፆች ይዟል። 50ኛው መዝሙር በደሌን አውቃለሁ ይላል፤ 43ኛው አልበደልኩም ይላል። ኢዮብም እንዲሁ ነው። ወዳጆቹ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ሲወተውቱት እርሱ ከፈጣሪው ጋር እንዲከራከር ፈለገ፤ በመጽሐፉ መጨረሻም የተገሠጹት ወዳጆቹ ናቸው። እግዚኦታው የምሕረት ልመና ነው፤ አቤቱታው የፍርድ ጥያቄ ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መጣል መጽሐፉን በግማሽ መቅደድ ነው።

ከክፉ ቀን በኋላ አንድ ትውልድ ሳያልፍ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት አለቁ። መቃብር የሚቆፍር ጠፋ፤ ጅብ ሬሳ አወጣ። አልጋ ወራሽ ተፈሪም ታመው ተረፉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተጠረገ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ የቀረ መታሰቢያ ነው። ጢሱን የሚያጨሱት ልጆች አብዛኞቹ ለማን ሐዘን እንደሚያጨሱ አያውቁም።

ንጉሡ በደጅ

እስካሁን ያየነው ሕዝብ ለንጉሥና ለእግዚአብሔር በአንድ ቃል ሲጮኽ ነው። ንጉሡ ራሱ አቤት ባይ ሲሆንስ?

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት በሽንፈት ተጠናቀቀ። የሠራዊቱ ማፈግፈግ ከጦርነቱ ይልቅ የከፋ ነበር። በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተበተነው ሠራዊት ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለጠላት ክፍት ሆኖ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ ነበረው። በዚህ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከመንገዳቸው ወጥተው ወደ ላሊበላ ሄዱ፤ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም በጸሎት ሰነበቱ። ጊዜው የትንሣኤ በዓል አካባቢ ነበር። ይህን ውሳኔ የነቀፉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ጦርነት እየተሸነፈ ሳለ ቀናትን ለጸሎት መስጠት ለእነርሱ የሚገባ ነገር አይደለም። በጦር ስልት ሚዛን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሕዝብ «ጃንሆይ» እያለ የሚጮኽለት ሰው፣ የሚጮኽበት ደጅ ፍለጋ ሲሄድ ነው የማየው። በዚያ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ምናልባት አልተናገረም ይሆናል፤ የሚታወቀው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ መድረሳቸው፣ ሚያዝያ 24 ቀን ሀገራቸውን ጥለው መውጣታቸው ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ኢየሩሳሌም ገቡ። ዛሬም በዴር ሱልጣንና በደብረ ገነት የሚኖሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያን ጊዜ ንጉሣቸውን በስደት ተቀበሉ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት ንግግር ደግሞ፣ ከዲፕሎማሲ ልብሱ ሲገለጥ፣ ያው የጎንደሩ አቤቱታ ነው። ደጁ ግን አልተከፈተላቸውም።

በሀገር ቤት የቀሩት የበለጠ ጨለማ አዩ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ተወስደው ተረሸኑ። የፋሺስቱ ሹም ለአለቆቹ ያስተላለፈው የመጀመሪያው ቁጥር 297 መነኮሳት የሚል ነበር፤ በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 በላይ ያደርሰዋል። ስለ ሌሎች ሲያለቅሱ የኖሩት ራሳቸው አልቃሽ አጡ።

የዚህ ታሪክ ምፀት በኮረም ይደገማል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብተኞች ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፈው መኪና እያስቆሙ ሲለምኑ ታዩ። አቤት ባዩ ወደ ንጉሡ ደጅ መጥቶ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ዙፋኑ ወደቀ። ዙፋኑን የወረሰው ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር የረሀቡ ነገር እንዳይነሣ አደረገ። በጥቅምት ወር ግን የዓለም ሕዝብ የኮረምን ንጋት በቴሌቪዥን አየ። በማይጨው ዘመን የንጉሡ ጦር ደጀን የነበረችው ያቺው ኮረም ነበረች። ሌሊት የሞቱትን በጨርቅ ጠቅልለው የተቀመጡ ወላጆች፣ በብርድ ውስጥ የሚሰማ ለቅሶ፣ በመካከላቸው የሚመላለሱ ካህናት ነበሩ። የሰው ደጅ ሁሉ በተዘጋበት በዚያ ሜዳ ላይ ፍትሐቱ አልተቋረጠም። ካህኑ የአንዱን ጸሎት ሲጨርስ ሌላው ይጠብቀዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንባቢው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ወላጆቻችን ከዚያ መንገድ ተነሥተው በሱዳን፣ በጅቡቲ፣ በኬንያ በኩል ተበትነዋል። ምህላውም አብሯቸው ተጉዟል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ካህናት ጥናቸውን ይዘው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲያጥኑ በየቤቱ የተዘጋው ሕዝብ በመስኮት ተመለከታቸው፤ ለአንድ ወር የታወጀውን ጸሎትም በቴሌቪዥን ተከታተለ። የጎንደሩ ሥርዓት ተገለበጠ፤ ጸሎቱ በጎዳና፣ አቤት ባዩ ከመስኮት በስተጀርባ ሆነ። ቀጥሎ በመጣው የጦርነት ዓመታት ደግሞ በሰሜኑ ክፍል ለልጆቻቸው ተዝካር ማውጣት እንኳ ያልቻሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ «ተመስገን በይ» የሚለው ቃል ከማንኛችንም አፍ ቶሎ መውጣት ያለበት አይመስለኝም።

የሐዘን ቤት ልማዳችን ይህን ያውቅ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ገብቶ አይሰብክም፤ ይቀመጣል። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላታል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን፣ ትንሣኤ ሙታን እንደሌለ አስመስሎ ማዘንን ገሥጸዋል፤ ለቅሶን ራሱን ግን አልከለከሉም፤ ጌታ በአልዓዛር መቃብር ማልቀሱን ያስተምራሉና። በሰሙነ ሕማማትም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለቅሶ ትቀመጣለች። መስቀል መሳለም ይቀራል፣ ሰላምታ መለዋወጥ ይቀራል፣ ከበሮና ጸናጽል አስቀድሞ በጾሙ መግቢያ ዝም ብሏል። ዓርብ ዕለት ምእመኑ ቀኑን ሙሉ ይሰግዳል። ማታ በወይራ ቅጠል ጥብጠባ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ትንሣኤው ገና አልተበሠረም። በመካከሉ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለ። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ወደ ደስታው ለመድረስ አልቸኮሉም።

ስለት ሌላ ነገር ነው። ቁልቢ የሚሄድ ተሳላሚ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ» ይላል፤ ስለቱ ሲደርስም ጥላውን ይዞ ይመጣል። እኔ ስለት የሚሳለውን አልነቅፍም። አቤቱታ ግን የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው ጸሎት ነው። ከሁሉ የከፋው ደርሶበታል፣ የሚዋዋልበት ነገር አልቀረውም፤ ሆኖም ከደጁ አልሄደም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ዝም ይላል እንጂ አይጮኽም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ወደ 87ኛው መዝሙር ልመለስ። በተለመደው የዕለት አከፋፈል ከ81 እስከ 110 ያሉት መዝሙራት የሐሙስ ድርሻ ናቸው፤ ስለዚህ ያ በጨለማ የሚያልቀው መዝሙር በየሳምንቱ ሐሙስ ማለዳ ይደርሳል። ደጋሚው ልጁን ድሮ ይሁን ቀብሮ፣ እህሉ በጎተራ ይሁን በሜዳ፣ ያንን ቃል በአፉ ይላል፤ ወዳጅና ዘመድ ከራቁበት መስመር ላይም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው 88ኛው መዝሙር ምሕረትን በማመስገን ይጀምራል፤ እርሱም ወደ ኋላው ሲደርስ ለንጉሡ የተገባው ኪዳን የት ደረሰ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ደጋሚው ጣቱን በብራናው ላይ እንዳደረገ ትንሽ ያርፋል፣ ያስላል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ቅጠሉንም ይገልጣል።